አንዱን ምት ነጥሎ መሥራት፦ በጠረጴዛ ቴኒስ መሻሻል ለምትፈልጉ ዝርዝር መመሪያ

የጠረጴዛ ቴኒስ ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ ሕግ አለ። ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ራኬቱን አስረክቦ ተራ ይይዛል። ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት ሰው ተራ ከያዘ፣ አንድ ጨዋታ መሸነፍ ማለት ከግማሽ ሰዓት በላይ ግድግዳ ተደግፎ ማየት ነው። ስለዚህ ማንም አዲስ ነገር አይሞክርም። ባክሃንዱ (በእጁ ጀርባ በኩል የሚመታው ምት) ደካማ የሆነ ሰው ዞሮ በፎርሃንድ (በመዳፉ በኩል) ይመታል። ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) የማይችል ዝም ብሎ ያሻግራል። ሁሉም የለመደውን ይጫወታል። እንዲህ አምስት ዓመት ተጫውቶ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የነበረበት ቦታ ላይ የቆመ ሰው ብዙ አውቃለሁ። እኔም ረጅም ጊዜ እዚያው ነበርኩ።

የቀየረኝ ነገር ቀላል ነው። ከጨዋታ ውጭ አንድ ምት ብቻ ነጥሎ መሥራት። አስቡት፤ በአንድ ጨዋታ ውስጥ የሚያስቸግራችሁ ዓይነት ኳስ የምትመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። እሷንም ቢሆን በጭንቀት ነው የምትመቷት። ለብቻው ሃያ ደቂቃ ብትሠሩት ግን ያንኑ ምት ከመቶ ጊዜ በላይ ትመቱታላችሁ፤ ብትስቱም ተራችሁን የሚወስድ ሰው የለም።

ከዚህ በታች ያለው እኔ የምሠራበትና ለጀማሪ ጓደኞቼም የማሳየው አካሄድ ነው። ሁሉንም ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው የጻፍኩት፤ ግራኞች ገልብጣችሁ አንብቡት።

1. ነጥብ የት እንደምታጡ ቁጠሩ

ሁላችንም ድክመታችንን የምናውቅ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን። «ፎርሃንዴ ነው የሚገድለኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ነጥብ የሚያጣው ሰርቭ ሲቀበል ሆኖ ይገኛል። በኃይል መትቶ የሳታት ኳስ ትዝ ትለዋለች። መረብ ላይ የቀረችውን ሰርቭ ግን ወዲያው ይረሳታል።

ስለዚህ በወረቀት ጀምሩ። ሦስት ጨዋታ ስትጫወቱ አንድ ጓደኛ አጠገብ ቁጭ ይበልና ይጻፍላችሁ። ስድስት ዓምድ ይበቃል፦ የራሴ ሰርቭ፣ ሰርቭ መቀበል፣ ፎርሃንድ፣ ባክሃንድ፣ የተቆረጠች (ወደ ኋላ የምትሽከረከር) ኳስ ማንሳት፣ ኳሷ ጋ አለመድረስ። ነጥብ ባጣችሁ ቁጥር አንድ ጭረት። ጓደኛ ካልተገኘ ስልካችሁን ውኃ በሞላ ጠርሙስ አስደግፋችሁ ቅረጹና ማታ ቤት ገብታችሁ ራሳችሁ ቁጠሩ።

ጭረት የበዛበትን አንድ ዓምድ ምረጡ። አንድ ብቻ። ለሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ሥራችሁ እሱ ነው። «ሁለት ባላ ትከል» የሚባለው ምክር እዚህ ጋ አይሠራም። ሁለት የያዘ ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁለቱንም ሲለቅ ነው ያየሁት።

ዓምዶቹ እኩል ከሆኑባችሁ ወይም መምረጥ ከከበዳችሁ በሰርቭ ጀምሩ። ምክንያት አለኝ። ጨዋታው 11 ለ 9 አለቀ እንበል። በድምሩ 20 ነጥብ ተጫውታችኋል። ሰርቭ በየሁለቱ ስለሚለዋወጥ አሥሩን ያስጀመራችሁት እናንተ ናችሁ። ደግሞ ሰርቭ ማንም የማይነካባችሁ ብቸኛ ምት ነው። ተቃራኒ አያስፈልግም፤ ለብቻችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። እኔም ከዚህ በታች ብዙ የምቆየው እሱ ላይ ነው።

2. ራኬቱን ፈትሹ

ኳሷን ጎማው ላይ አስቀምጡና በመዳፋችሁ ጫን አድርጋችሁ ወደፊት ግፏት። ጎማው ደህና ከሆነ ይይዛታል፤ ትንከባለላለች እንጂ አትንሸራተትም። መስታወት ላይ እንዳለች ሸርተት ካለች ጎማው አልቆለታል። ማጫወቻ ቤት ውስጥ ለሁሉም የሚሰጡት ራኬት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አቧራ፣ ላብና ዕድሜ ይጨርሰዋል።

በእርጥብ ስፖንጅ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉትና በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ካልተመለሰ ጎማውን ማስቀየር ወይም ሌላ ራኬት መፈለግ ነው። ይህን ችላ አትበሉት። በሚያንሸራትት ጎማ ኳስ ማሽከርከር መማር አይቻልም። ለፍታችሁ ለፍታችሁ ጥፋቱ የእናንተ ይመስላችኋል።

አያያዙ ሰው እንደምትጨብጡ ነው። ጠበቅ አድርጋችሁ አትጭመቁት። ክንዳችሁ ቶሎ የሚደክም ከሆነ እየጨመቃችሁት ነው ማለት ነው።

3. ሰርቭ፦ ሳፋ ሙሉ ኳስና ባዶ ክፍል

የሚያስፈልጋችሁ ከ20 እስከ 30 ኳስ፣ አንድ ሳፋ፣ ጠመኔና ጥቂት ወረቀት ነው። ሃያ ኳስ ከሌላችሁ በአሥርም ይሠራል፤ ለቀማው ብቻ ይበዛል። ጠረጴዛው ባዶ የሚሆነው ጠዋት ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረውን ሰው በደንብ ብታነጋግሩት በሳምንት ሁለት ጠዋት አይከለክላችሁም። በእኔ ልምድ ሰዉ ለብቻው የሚለፋ ሰው ሲያይ ደስ ይለዋል።

*መጀመሪያ ሕጉ።* ይህን ያስቀደምኩት ስለከፈልኩበት ነው። ሦስት ወር የለፋሁበትን ሰርቭ ይዤ አንድ ውድድር ገባሁ። ኳሷን ወደ ላይ አልወረውራትም ነበር፤ ከእጄ ላይ ነበር የምመታት። ሰፈር ውስጥ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። ዳኛው አንዴ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ በኋላ በሳትኩ ቁጥር ነጥቡን ለተቃራኒዬ ሰጠው። ትክክል ነበር። እጄ ግን ሌላ ነገር አያውቅም። በዚያ ቀን በገዛ ሰርቬ ተሸነፍኩ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ኳሷ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ሳትነቃነቅ ትቀመጣለች። እጃችሁ ከጠረጴዛው ከፍታ በላይ፣ ከጠረጴዛው የኋላ ጠርዝ ውጭ ይሆናል። ሳታሽከረክሯት ቀጥ አድርጋችሁ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ትወረውሯታላችሁ። መረቡ 15.25 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በዓይን ለመለካት እሱን አስቡ፤ ከመረቡ ቁመት ከፍ ማለት አለባት። ስትወርድ ትመቷታላችሁ። በክንድ፣ በሰውነት ወይም በልብስ ከተቀባዩ መሸፈን ክልክል ነው። ይኸኛው ክልከላ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ የጠበቀ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ አይታችሁ አትኮርጁ።

የመጀመሪያውን ቀን ራኬት ሳትይዙ ኳሷን ብቻ ወርውሩ። ሃምሳ ጊዜ። ተወርውራ ተመልሳ እዚያው መዳፍ ላይ ማረፍ አለባት። አሰልቺ ነው፤ ግን ኳሷ በየቀኑ ሌላ ቦታ የምትወርድ ከሆነ ምቱ በየቀኑ ይለያያል።

*ከዚያ መሬት ላይ።* አሁን ሽክርክሪት እንማር። ጠረጴዛ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ወይም የተነጠፈ ብርድ ልብስ ካለ ይበቃል። ቁማችሁ ኳሷን ወርውሩና የራኬቱን ፊት ወደ ጣሪያ ገልበጥ አድርጋችሁ፣ ከሆዷ በታች በኩል ፈጠን አድርጋችሁ ላጧት። መላጥ ነው ያልኩት፤ ድንች ስትልጡ ሥጋውን ሳትነኩ ቆዳውን ብቻ እንደምታነሡት። ቢላዋው ጠልቆ ከገባ ድንቹ ይቆረጣል። እዚህም እንደዚያው ነው።

ጆሯችሁን ስጡ። ኳሷን ከመታችኋት «ጧ» ትላለች። ከላጣችኋት ድምፅዋ ይሰልላል፤ «ሽው» የሚል ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «ጧ» ነው። ኳሷ ሄዳ ሶፋው ሥር ትገባለች። አትናደዱ። እጃችሁን ቀስ ማድረግ ሳይሆን ንክኪውን ማሳሳት ነው የሚያስፈልገው። እንዲያውም አንጓችሁ ሲፈጥን ይሻላል።

አንድ ቀን ኳሷ ወደፊት ሁለት ሜትር ያህል ትሄድና መሬት ስትነካ ትቆማለች። ለአፍታ እዚያው ትሽከረከራለች። ከዚያ ወደ እናንተ ትንከባለላለች። የመጀመሪያዋ ስትመጣ ሳትጠሯት እግራችሁ ሥር የመጣች ነው የሚመስላችሁ። ያን ቀን የኋላ ሽክርክሪት፣ ወይም በተለምዶ መቁረጥ የምንለው ነገር፣ በእጃችሁ ገብቷል። ከአሥር ሰባቷ እስክትመለስ ድረስ ጠረጴዛ ላይ አትውጡ።

*አሁን ጠረጴዛው።* ጠረጴዛው 2.74 ሜትር ርዝመት አለው፤ የእያንዳንዱ ሰው ግማሽ 1.37 ሜትር ነው። አጭር ሰርቭ ስትፈልጉ ኳሷ በራሳችሁ በኩል የምትነጥርበት ቦታ ወደ መረቡ ይጠጋል፤ በግምት ከመረቡ አንድ ክንድ። እዚያ በጠመኔ ክብ ሥሩ። ረጅምና ፈጣን ሰርቭ ስትፈልጉ ደግሞ በተቃራኒው፣ ከራሳችሁ ጠርዝ አጠገብ ማንጠር አለባችሁ። ብዙ ሰው ሰርቩ ለምን እንደሚረዝምበት የማያውቀው ዓይኑ ተቃራኒው ጋ ስለሆነ ነው። የሚወስነው የመጀመሪያው ንጥረት ነው። መጀመሪያ ያን ክብ ምቱ።

ሌላው ስህተት ኳሷን ከፍ ብላ ሳለች መምታት ነው። መረቡ ከፍታ አካባቢ እስክትወርድ ጠብቋት። ከላይ ከተመታች ከፍ ብላ ነጥራ ለተቃራኒያችሁ የተዘጋጀች ጉርሻ ትሆናለች።

አጭር ሰርቭ አጭር መሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ማንም ሳይነካት ወዲያ ማዶ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መንጠር አለባት። አንዴ ነጥራ ከጠረጴዛው ከወጣች ረዝማለች። በደንብ ከተቆረጠች ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ንጥረት ላይ ትዘገያለች፤ አንዳንዴም ወደ መረቡ ፊቷን ትመልሳለች።

በአሥር በአሥር ምቱ፤ ከእያንዳንዱ አሥር በኋላ የተሳካውን ጻፉ። የመጀመሪያው ሳምንት 3 ከ10 መደበኛ ነው። ሁለት ቀን በተከታታይ 7 ከ10 ስታገኙ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከ25 ደቂቃ በላይ አትቆዩ። አንጓችሁ ይደክምና የተሳሳተውን መልመድ ትጀምራላችሁ።

*በአንድ እንቅስቃሴ ሁለት ኳስ።* የተቆረጠው ሰርቭ ሲገባችሁ፣ ያንኑ እንቅስቃሴ አድርጋችሁ የማትሽከረከር ኳስ መላክ ተማሩ። ምስጢሩ ኳሷ ራኬቱ ላይ የምትነካበት ቦታ ነው። የራኬቱ ጫፍ በኩል ፍጥነቱ ትልቅ ስለሆነ እዚያ የተላጠች ኳስ ብዙ ትሽከረከራለች። ወደ መያዣው ጠጋ ብላ ከነካች ጥቂት ትሽከረከራለች። ክንዳችሁ ያው፣ ትከሻችሁ ያው፣ አጨራረሱ ያው። ተቃራኒው የተቆረጠች መስሎት ከሥር ሲያነሳት ከፍ ብላ ትመለሳለች፤ እናንተ ትጨርሷታላችሁ።

በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ በነጠላ ወርቅ የወሰደው ስዊድናዊ ያን ኦቬ ዋልድነር በሰርቩ ይፈራ ነበር። ቪዲዮዎቹን ፈልጋችሁ ጣቶቹን ብቻ እዩ። ፎርሃንድ ሰርቭ ሲያደርግ ታችኞቹን ሦስት ጣቶች ከመያዣው ላይ ፈታ አድርጎ ራኬቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ነው የሚይዘው። አንጓው እንደ ልቡ የሚሆነው ለዚህ ነው። እናንተም ሰርቭ ስታደርጉ ብቻ እንዲህ ያዙት፤ ኳሷ እንደሄደች ወደ ተለመደው አያያዝ ተመለሱ። መመለሱንም አብራችሁ ተለማመዱት። ሳይመለስ ቀርቶ ቀጣዩን ኳስ የሚስት ብዙ ነው።

በመጨረሻ ወረቀት። ማዶ ጥግ ላይ አንድ የደብተር ሉክ አስቀምጡና ረጅሙን ፈጣን ሰርቭ እሱ ላይ ለማሳረፍ ሞክሩ። ሲቀላችሁ ወረቀቱን ለሁለት እጠፉት።

4. ጠረጴዛ በሌለበት ቀን

ፎርሃንድ ቶፕስፒን (ኳሷን ወደፊት እያሽከረከሩ የሚመቱት ምት) ለመሥራት ኳስም ጠረጴዛም ሳይኖር ብዙ መሥራት ይቻላል። ራኬት ይዛችሁ መስታወት ፊት ወይም ማታ የክፍላችሁ መስኮት ፊት ቁሙ። ቀኝ እግር ትንሽ ወደ ኋላ፣ ጉልበት እጥፍ፣ ክብደታችሁ ተረከዝ ላይ ሳይሆን የእግራችሁ ፊት ላይ። ወገባችሁን ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ክብደቱ ወደ ቀኝ እግር ይሄዳል። ከዚያ ወገባችሁ ሲመለስ ክንዳችሁን ይዞት ይመጣል። ራኬቱ ዳሌ አካባቢ ጀምሮ ግንባራችሁ ፊት ለፊት ይጨርሳል። ክብደታችሁ አሁን ግራ እግር ላይ ነው።

ቀስ ብላችሁ ሥሩት። በጣም ቀስ ብላችሁ። ሃያ ጊዜ፣ ዕረፍት፣ ሃያ፣ ዕረፍት፣ ሃያ። እያንዳንዱን ምት ወደ ዝግጁ አቋቋም ተመልሳችሁ ጨርሱት። ያለ መመለስ የተሠራ ምት ግማሽ ምት ነው፤ ምክንያቱም በጨዋታ ሁለተኛዋ ኳስ ሳትዘጋጁ ትመጣለች። በሳምንት አንዴ ከጎን ቅረጹና ወገባችሁ መዞሩን ብቻ እዩ። ክንድ ብቻ እየሠራ ከሆነ ወዲያው ይታያል።

ግድግዳን በተመለከተ ላስጠንቅቃችሁ። ግድግዳ ላይ መምታት ለዓይንና ለእጅ ፍጥነት ጥሩ ነው፤ ጠረጴዛውን ግማሹን አቁሞ መጫወትም እንዲሁ። ሽክርክሪት ግን እዚያ አትማሩ። ቶፕስፒን ከመታችሁ ኳሷ ግድግዳ ነክታ ስትመለስ አዟዟሯ በጨዋታ ከምታገኙት የተለየ ነው። አጭር ባክሃንድ ለማፍጠን ተጠቀሙበት፤ ለሌላው አይሆንም።

አንድ ነገር ስለ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቶፕስፒን ኳስ ወደ ታች የምትታጠፈው አየሩን ይዛ ስለሆነ፣ በስስ አየር ማጠፏ ይቀንሳል፤ ፍጥነቷም ቶሎ አይበርድም። አዲስ አበባ ላይ ኳሳችሁ በትንሹ የምትረዝም ከሆነ ከመምታት ይልቅ መላጡን ጨምሩ። እንደ ድሬዳዋ ያለ ዝቅ ያለ ከተማ ስትሄዱ ደግሞ ያችው ኳስ ቀደም ብላ ትወድቃለች። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለዚህ ማስተካከያ ስጡት እንጂ ችሎታዬ ጠፋ አትበሉ።

5. ከሰው ጋር፦ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያቀብላል

በጣም የሚያስቸግረው ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ሰው ጠረጴዛ ፊት ከቆመ መሸናነፍ ይመጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ። «ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ ለእኔ ያዝልኝ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ እኔ ለአንተ እይዛለሁ» በሉት። የያዘው ሰው ሥራው ኳሷን በአንድ ፍጥነት፣ ወደ አንድ ቦታ መመለስ ነው። ይህም ለእሱ ልምምድ ነው፤ ማገድ እየተማረ ነው።

በፎርሃንድ ሰያፍ ጀምሩ። ከቀኝ ጥጋችሁ ወደ እሱ ቀኝ ጥግ። ሳትስቱ 30 ቁጠሩ። ከዚያ 50። አሥራ ሁለት ላይ እየሳታችሁ ከሆነ ፈጥናችኋል፤ ቀንሱ። መቶ ማድረስ የቻለ ሰው ምቱ አያሳስበውም፤ እግሩን ማሰብ ይጀምራል።

እግር ላይ ስትደርሱ ፋልከንበርግ የሚባለውን ልምምድ እመክራለሁ። ስሙ ከስዊድን ከተማ የመጣ ነው። ባልደረባችሁ ሁለት ኳስ በተከታታይ ወደ ባክሃንድ ጥጋችሁ፣ ሦስተኛዋን ወደ ፎርሃንድ ጥጋችሁ ይልካል። እናንተ የመጀመሪያዋን በባክሃንድ ትመታላችሁ። ሁለተኛዋን ዞራችሁ እዚያው ጥግ ላይ በፎርሃንድ። ሦስተኛዋን ወደ ቀኝ ሮጣችሁ በፎርሃንድ። ከዚያ እንደገና። በሦስት ኳስ ውስጥ ጨዋታ ላይ የሚያስፈልጉትን ዋና ዋና እርምጃዎች ትሠራላችሁ። መጀመሪያ በጣም ዝግ በሉ፤ ሁለት ዙር ሳይቋረጥ ከሠራችሁ ለመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነው። እግራችሁን አታጣምሩ፤ በትንንሽ ጎናዊ ዝላይ ሂዱ።

ጠንካራ ባልደረባ ካላገኛችሁ ሳፋውን አውጡ። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ከመረቡ አጠገብ ቆመው አንድ በአንድ ኳስ ቢያቀብሏችሁ በቂ ነው። የቻይና ተጫዋቾች ልምምድ ላይ አሠልጣኙ ከሳፋ ሙሉ ኳስ እያነሳ ሲያዘንብባቸው ታያላችሁ። በዚያ ፍጥነት መሆን የለበትም። ዋናው ነገር ስታችሁ ለመልቀም አለመቆማችሁ ነው።

6. ሰርቭ መቀበል

ባልደረባችሁ አንዱን ሰርቭ ሃያ ጊዜ ይላክላችሁ። ምን እንደሚልክ ታውቃላችሁ፤ ችግር የለውም። በሁለተኛው ሃያ ሁለት ዓይነት ይላክ፣ ግን ከመላኩ በፊት ይናገር። በሦስተኛው ዝም ብሎ ይላክ።

ዓይናችሁ ራኬቱ ኳሷን የሚነካበት ቅጽበት ላይ ይሁን። ከንክኪው በፊትና በኋላ ያለው የእጅ ውዝዋዜ ለማታለል ነው። ኳሷ ስትመጣ ደግሞ የፋብሪካ ምልክቷን ፈልጉ። ምልክቱ ከታያችሁ አትሽከረከርም፤ ከተደባለቀባችሁ ትሽከረከራለች።

የተቆረጠች ከሆነች ራኬቱን ከፈት አድርጋችሁ ከሥሯ ግፏት። ቶፕስፒን ከሆነች ዘጋ አድርጋችሁ አግዷት። ተሳስታችሁ ከሆነ ስህተቱ ራሱ ይነግራችኋል፦ መረብ ላይ ከቀረች የተቆረጠች ነበረች፣ ከጠረጴዛው አልፋ ከወጣች ቶፕስፒን ነበረባት። ሳትናደዱ ያችን መልእክት አንብቧት።

7. ከልምምድ ወደ ጨዋታ መመለስ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወድቃል። ለብቻው 9 ከ10 የሚያሳካው ሰርቭ ጨዋታ ላይ ይጠፋበታል። ምክንያቱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን ሦስት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ አስተማሩ። አንደኛው ቡድን አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሄደ። ሁለተኛው ሦስቱንም እያደባለቀ ሠራ። በልምምዱ ወቅት የመጀመሪያው ቡድን ተሻለ። ቆይተው ሲፈተኑ ግን ያደባለቁት በለጡ።

ይህ ማለት ነጥሎ መሥራት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አዲስ ምት እጃችሁ ውስጥ የሚገባው ተነጥሎ ነው። ከገባ በኋላ ግን መደባለቅ አለበት። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። 7 ከ10 እስኪደርስ ለብቻው። ከዚያ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም፣ አንድ የማይሽከረከር እያፈራረቅሁ፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አልልክም።

ቀጥሎ ሦስተኛዋ ኳስ ትጨመራለች። ሰርቭ አንደኛዋ ናት፣ መልሱ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ የእናንተ ማጥቂያ ናት። ባልደረባችሁ አጭሩን የተቆረጠ ሰርቫችሁን ወደ ባክሃንዳችሁ ይመልስ፤ እናንተ አንሡና ምቱ፤ እዚያ ላይ ኳሷ ትቆማለች። አሥር ጊዜ። ከዚያ ወደ ፈለገበት ይመልስ።

ከዚያ እውነተኛ ጨዋታ፣ ግን ከ8 እኩል ጀምሩት። ሦስት ነጥብ ብቻ ስለሚቀር ልባችሁ መምታት ይጀምራል፤ ምቱ በዚያ ውስጥ መውጣት አለበት። ተሸንፋችሁ ብትጨርሱ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው፤ እንደገና ከ8 እኩል።

ወደ ቅዳሜው ተራ ደግሞ አዲሱን ምት ይዛችሁ የምትሄዱት አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ያኔም በእያንዳንዱ ጨዋታ ቢያንስ አምስት ጊዜ እጠቀመዋለሁ ብላችሁ ለራሳችሁ ቃል ግቡ። ትሸነፋላችሁ። ተራ ይዛችሁ ትቆማላችሁ። እኔ ባክሃንዴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቆሜ ነበር፤ የማሸንፋቸው ልጆች «ምን ነካህ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ዞር ማለት አቆምኩ። ኳሷ ወደ ባክሃንዴ ስትመጣ ቆሜ መታኋት።

8. ሳምንቱን እንዴት ትከፋፍሉታላችሁ

ሥራና ትምህርት ላለበት ሰው በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ ይበቃል። ሁለቱ ጠዋት ለብቻችሁ ናቸው፤ 25 ደቂቃ የመረጣችሁት ምት፣ ቀሪው መስታወት ፊት። የመረጣችሁት ሰርቭ መቀበል ከሆነ ከባልደረባ ጋር ከመሥራት ሌላ አማራጭ ስለሌለ ሁለቱንም ቀን ወደ ከሰዓት አዛውሩ። ሦስተኛው ቀን ከባልደረባ ጋር ነው፤ አምስት አምስት ደቂቃ እየተቀያየራችሁ። አራተኛው ቀን ጨዋታ ነው፣ ቢያንስ ግማሹ ከ8 እኩል የሚጀምር።

ትከሻችሁ ወይም አንጓችሁ ላይ ሕመም ከተሰማችሁ ያን ቀን እግር ብቻ ሥሩ። ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ገመድ መዝለል ወይም በቦታ መሮጥ ሰውነት ያሞቃል።

ደብተራችሁን አትጣሉ። ቀኑን፣ የሠራችሁትን ምትና ከአሥር ስንት እንዳገኛችሁ ጻፉ፤ አንድ መስመር ይበቃል። ስድስት ሳምንት ሲሞላ የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት አውጡ። ያ ጓደኛችሁ እንደገና አጠገብ ቁጭ ይበል፣ ሦስት ጨዋታ ተጫወቱ፣ ያንኑ ስድስት ዓምድ ይሙላ። የሠራችሁበት ዓምድ ላይ ጭረቱ ስንት እንደቀነሰ እዩና አሁን የበዛበትን ዓምድ አክብቡት። ሰኞ ጠዋት የምትጀምሩት እሱን ነው።